የንድፍ ጠረጴዛው

የመሬት መንቀጥቀጡ ዩኒቨርሲቲውን ካፈራረሰው በኋላ ትምህርቱ በድንኳን ቀጠለ። ማደሪያ ያጡት ተማሪዎች በከተማው ሰው ቤት ተደለደሉ፤ ለእኛም አንዲት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ደረሰችን። ዲኑ ራሱ ደጃችን ድረስ መጥቶ ሲለምን እንቢ ማለት ከበደኝ። ባሌ ግን አናጺ ነው፤ ቃሉም እንደ ጣውላው ደረቅ።

«ሳሎን ትተኛ። የልጄን ክፍል እንዳትረግጥ» አለ።

ልጃችንም ምህንድስና ተማሪ ነበረች፤ የሴቶቹ ማደሪያ ሲደረመስ ውስጥ ነበረች። እንግዳችንም እዚያው ነበረች፤ እሷ ወጣች። እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ ሰሞን ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይሻክር ነበር።

የመጨረሻ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ደረሰ። ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ስታሰምር ያ ትልቅ ወረቀት ይጨማደድባታል። ካላስረከበች ዓመቱ ይቃጠላል፤ ቤተሰቦቿ ደግሞ ካሁን በኋላ አንልክሽም ብለዋታል። ባሌ ለልጃችን በገዛ እጁ የሠራው የንድፍ ጠረጴዛ በተዘጋው ክፍል ቆሟል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠረጴዛው ሙዚየም ሊገባ ነው እንዴ?» አልኩት። ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ በሩን ከፈተና ልጅቷን ጠራት። ልጃችን የጀመረችው የሕንፃ ንድፍ ጠረጴዛው ላይ እንደተለጠፈ ነው።

«እስቲ መጀመሪያ ይሄን እይልኝ» አላት። «ጎበዝ ነበረች አይደል? ቢሠራ ይቆማል?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች። በዓይኔ ተማጸንኳት፤ አንዲት ውሸት ማንን ትጎዳለች?

«ጋሼ፣ አይቆምም» አለች። «ምሰሶዎቹ ቀጥነዋል። ሁላችንም መጀመሪያ እንደዚህ ነው የምንሠራው። መምህራችን አርሞ ይመልስልናል፣ እኛም እናስተካክላለን።»

የሚያባርራት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በልጃችን ቀብር ዕለት እንኳ እንባ ስላላወጣ ጎረቤት ሁሉ ልበ ደንዳና ብሎታል።

«ይመልስላት ነበር?» አለ።

«አዎ ጋሼ። ይመልስላት ነበር።»

ወረቀቱን ራሱ ቀስ ብሎ ነቀለው።

«በይ፣ ያንቺን ዘርጊ። ምሰሶውን አደራ፣ እንዳታቀጥኚው።»

ከክፍሉ ሳይወጣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ተንሰቀሰቀ። ላነሳው ብሞክር አልነሳ አለኝ።

«ገና እየተማረች እኮ ነበር» ይለኛል። «ልጄ ገና እየተማረች እኮ ነበር።»