ራኬብን በጸሎት አስቡልኝ

ገበያነሽ ምራቷን ትወዳት ነበር። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይነገርላት፤ የኋላውን ሰምቶ የማይፈርድባት የለምና።

ልጇ አማኑኤል ሲግሩን የምትባል የአይስላንድ ተወላጅ ከዩኒቨርሲቲ ይዞ የመጣ ጊዜ፣ የአሜሪካዋ የሊልበርን ከተማ ሐበሻ ሁሉ «አይስላንድ ደግሞ የት ነው?» ብሎ ነበር። ገበያነሽም አታውቀውም። ግን ልጅቷ ከተጋቡ በኋላም «የአባቴን ስም አልጥልም፤ በእኛ አገር ሴት በባሏ ስም አትጠራም፣ ልጅም የአባቱን የመጀመሪያ ስም ነው የሚይዘው» ስትል፣ ገበያነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ሳመቻት። ስንት ዓመት ለአሜሪካ የቢሮ ጸሐፊዎች ማስረዳት ያቃታትን ነገር ይህች ነጭ ከእናቷ ሆድ ይዛው ወጥታለች።

ሌላውን ለመልመድ ጊዜ ወሰደባት። ሲግሩን አማቷን «ገበያነሽ» ብላ በደረቁ ትጠራታለች። አማኑኤል ደግሞ «እማዬ፣ እነሱ እኮ ፕሬዚዳንታቸውንም በስሙ ነው የሚጠሩት፣ ሪስፔክት ማጣት አይደለም» ይላታል። ዋጠችው። ለገና ዋዜማ ሲግሩን እንደ አገሯ ልማድ ለሁሉም መጽሐፍ አደለችና፣ እራት እንዳበቃ ሁሉም በየጥጉ አቀርቅሮ ማንበብ ያዘ። ገበያነሽ ለቅሶ ቤት የገባች መሰላት። በሆዷ እየሳቀች እሷም መጽሐፍ ቅዱሷን አውጥታ አብራ አቀረቀረች።

ከዚያ ራኬብ ተወለደች። ገበያነሽ ከልጇ ቤት ምድር ቤቱን ይዛ ትኖር ስለነበር፣ ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምትፈልገው ያቺን ልጅ ነበር።

በፈረንጆቹ 2003 ጃንዋሪ ላይ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ፣ የሕፃን ጋሪው ከቤቱ ጀርባ ያለው በረንዳ ላይ ቆሟል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ብርድ ልብሱን ገለጥ ብታደርግ ራኬብ ናት፤ አፍንጫዋ ቀልቶ ተኝታለች። ብድግ አድርጋት ወደ ውስጥ ሮጠች።

ሲግሩን መስኮቱ አጠገብ ሰሃን ታጥባለች። «ገበያነሽ፣ ምነው ቀሰቀስሻት?» አለቻት፣ እየሳቀች።

«እንዲያው በሞቴ! የአራት ወር ልጅ እኮ ናት!»

«እኛ አገር ሁላችንም ደጅ ተኝተን ነው ያደግነው። እናቴ በረዶ እየጣለ ታስተኛኝና በመስኮት ታየኛለች። ንጹሕ አየር ነው፣ ሳንባ ያጠነክራል። ንኪያት እስቲ።» የገበያነሽን እጅ ይዛ ልጅቷ አንገት ሥር አስገባችው። ሲግሩን በእጇ የሠራችው የሱፍ ሹራብ ውስጥ ገላዋ ይሞቃል።

እጇ አመነ፤ ልቧ እምቢ አለ። ገበያነሽ የበኩር ልጇን በሳንባ ምች ቀብራለች። ነፋስ ሕፃን እንደሚገድል ከማንም ሰምታ ሳይሆን አይታ ነው የምታውቀው። ለአማኑኤል ብትነግረው «እማዬ፣ ሪላክስ» ብሏት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ነገረኛ አማት ላለመባል ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ከሥራ ስትመለስ ግን ጋሪው ሁልጊዜ እዚያው ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ዶራቪል በምትባለው ጎረቤት ከተማ፣ ወንድም ዘገየ ቤት የጸሎት ኅብረት አለ። «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲባል፣ አምቃው የከረመችው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «የልጅ ልጄን ብርድ ላይ ያስተኟታል። ብናገር ጠብ ነው። ራኬብን በጸሎት አስቡልኝ» አለችና አለቀሰች። ሁሉም አብሯት አለቀሰ፤ ሸክሟ ቀለላት።

መዓዛ የምትባል በልጆች ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ በሩ ላይ አገኘቻት። «እትዬ ገበያነሽ፣ ብርድ ላይ ሲሉ ደጅ ማለትዎ ነው? ብቻዋን?»

«ብቻዋን!» አለች ገበያነሽ።

ሲግሩን በመስኮት እንደምታያት ግን አላነሳችም። ሰው ሲያዝንላት እንዴት ደስ ይል ነበር! ያንን ርኅራኄ መስኮት ከፍታ ማን ያስወጣዋል?

ዓርብ ዕለት ሁለት የመንግሥት የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች ከፖሊስ ጋር መጥተው በር አንኳኩ። ሌላ እናት ብትሆን በፖሊስ ትደነግጥ ነበር። ሲግሩን ግን ፖሊስ መሣሪያ ሳይታጠቅ ከሚዞርበት አገር የመጣች የዋህ ናት፤ ፈገግ ብላ ከፈተች። ሕፃን እንዳላት ቢጠይቋት «ኑ፣ ላሳያችሁ» ብላ እየመራች ወደ በረንዳው ወሰደቻቸው። ኮርታ እኮ ነው ያሳየቻቸው!

ብርድ ላይ ጥለሻታል ብለው ልጅቷን ሲወስዱ፣ ሲግሩን በካልሲዋ እስከ መንገዱ ተከተለቻቸው። «ገበያነሽ፣ ንገሪያቸው! መስኮቱ ላይ እንደምቆም አንቺ ታውቂያለሽ!» እያለች ትጮኻለች።

ገበያነሽ የመስኮቱን ነገር ሳትናገር እጇን ወደ ልጅቷ ዘረጋች። «እባካችሁ ለእኔ ስጡኝ፣ እኔ ልያዛት» አለች። ሠራተኛዋ «አንቺስ እዚሁ ቤት አይደል የምትኖሪው?» ብላት የመኪናውን በር ዘጋች።

ዳኛው ልጅቷን ለእናቷ የመለሰው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ራኬብ እንግዳ ሰዎች ቤት ሰነበተችና ጡት አልቀበል አለች፤ የሲግሩንም ወተት ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ መስኮት የሚባል አይከፈትም፤ መጋረጃው ሁሉ ተዘጋ። ሲግሩን ማሞቂያው በሚነደው ቤት ውስጥ ልጇን ታቅፋ ትቀመጥና መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ትላለች። «ልጇን የምትገድል እናት ነሽ ብለውኛል፤ እዚህ አገር አላሳድጋትም» አለች። ወደ አይስላንድ ሊሄዱ አማኑኤልም ሥራውን ለቀቀ።

መዓዛ ሕሊናዋ አላስቀመጣትም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አማኑኤልን መኪናው ጋ አገኘችው። «አማኒ፣ ሪፖርት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ነርስ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ማመልከት ሎው ስለሆነ ነው፣ የሥራ ላይሰንሴን አጣ ነበር። እናትህ ለጸሎት ሲናገሩ ሰምቼ...»

አማኑኤል ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«እንዲጸልዩላት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«መስኮቱንስ ነግረሻቸዋል? ሲግሩን እያየቻት እንደሆነ?»

ገበያነሽ መሬት መሬት አየች። «አላልኩም።»

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅነቱ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ልትነካው ስትል እጇን ገፋው። «አልነግራትም። አሁን ከሰው የምታምነው አንቺን ብቻ ነው፤ ይህንንም ብነግራት ታብዳለች። ግን እማዬ፣ እዛ እንዳትመጪ። ልጇን ስታሳቅፍሽ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ፕሊስ።»

የሚሄዱ ዕለት ጠዋት ሻንጣው መኪና ላይ ሲጫን፣ ሲግሩን ራኬብን አምጥታ አሳቀፈቻት። «ገበያነሽ፣ በዚህ ሁሉ መከራ ከጎኔ የነበርሽው አንቺ ነሽ። በሰመር ነይ። ያን ጊዜ እኛ ጋ ፀሐይ አትጠልቅም። ክፍል አዘጋጅልሻለሁ።»

አማኑኤል ሻንጣውን እንደያዘ ቆመ። ቀና አላለም።

ገበያነሽ እግሯ ላይ ወድቃ ሁሉንም ልትዘረግፈው ቃጣት። ግን ተናግሮ መገላገልን አንዴ ሞክራዋለች፤ የእሷ ሸክም ሲቀልል የማን ጀርባ እንደጎበጠ አይታለች። ዋጥ አደረገችው።

«አልመጣም» አለች።

«ለምን?»

«አገራችሁን አልወደውም። አኗኗራችሁንም አልወደውም።»

ሲግሩን ቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ጀምራ ተወችው። «ራኬብን ለማየትም?»

ገበያነሽ የልጅቷን አንገት አሸተተችና «ለማየትም» አለች።

ሲግሩን ሁለት እጆቿን ዘርግታ ልጇን ከአማቷ ክንድ ላይ ቶሎ ወሰደቻት፤ ከማያምኑት ሰው እጅ ልጅ እንደሚወሰድ።