ሦስተኛው ሳምንት

ወርቅአየሁ እንጅባራ ውስጥ የአራተኛ ክፍል መምህርት ናት። ካንሰር ተገኝቶባት ግራ ጡቷ ከተቆረጠ በኋላ ስምንት ዙር ኬሞ ታዘዘላት፤ በየሃያ አንድ ቀኑ ባሕር ዳር እየሄደች የምትወስደው። ለመጀመሪያው ዙር ስትሄድ ሚኒባሱ ዳንግላ ላይ ቆመና፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ያሰረች ሴት አጠገቧ ተቀመጠች። ሴትዮዋ የወርቅአየሁን የሆስፒታል ካርድ አየት አደረገችና ስንተኛዋ እንደሆነ ጠየቀቻት። አምሳለ ትባላለች። ዳንግላ ገበያ አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። እሷ ሦስተኛ ዙሯ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ሄዱ፣ አብረው ተመለሱ። አምሳለ ቀድማ ስለጀመረች መንገዱን አሳየቻት። አንደኛው ሳምንት የማስመለስ ነው አለቻት፤ ውኃው ራሱ የዛገ ሚስማር ሚስማር ይላል። በሁለተኛው አፍ ይቆስላል። በሦስተኛው ግን የምላስ ጣዕም ይመለሳል፤ ልክ መመለሱን ስትለምጂው ደግሞ ቀጠሮሽ ይደርሳል።

ስለዚህ የሦስተኛውን ሳምንት ሐሙስ የራሳቸው አደረጉት። ወርቅአየሁ ሚኒባስ ይዛ ዳንግላ ትወርዳለች፤ አምሳለ ድንች ከነልጣጩ ቀቅላ በዳጣ ታቀርባለች። ወርቅአየሁን ባሏ ይኸነው ቤት ውስጥ ቃሪያ አያስነካትም ነበር፤ አጥሚት በአጥሚት አድርጓታል። እዚህ ግን ዓይናቸው እስኪያነባ ይበላሉ። በዐቢይ ጾም ወርቅአየሁ የንስሐ አባቷ ወተት እንድትጠጣ ፈቅደውላት ሳለ ጎረቤት ፊት አፍራ ትታው ነበር። አምሳለ መጋረጃውን ጋርዳ ሁለት ብርጭቆ ሞላችና ጠጡት። ወዲያው ደንበኛ በር ሲያንኳኳ፣ እንደተያዘ ሌባ ብርጭቆውን ከተሰፋ ልብስ ሥር ደብቀው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ሆስፒታል መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ አራት ሰዓት ይፈጃል። እነሱ ጎን ለጎን ተኝተው፣ ማንም አይሰማንም ብለው በአገውኛ ሰው ያማሉ። አንድ ቀን የአንዷን ነርስ ጫማ ሲቦጭቁ ዋሉ። ነርሷ መጥታ የአምሳለን መርፌ ነቀለች፣ ጥጡን አስያዘቻት፣ ከዚያም በጥሩ አገውኛ ጫማውን የሰጠቻት አማቷ እንደሆነችና እሷም እንደማትወደው ነገረቻቸው። ለካ እሷም የአገው አገር፣ የአዘና ልጅ ናት። እስከ መርዓዊ ድረስ ሳቁ፤ የሚኒባሱ ረዳት ከሠርግ ነው ወይ የመጣችሁት ብሎ ጠየቃቸው።

አምሳለ ስምንቱን ጨርሳ ተመረመረች። በማግስቱ ባሏ መሳፍንት እንጅባራ መጥቶ ወርቅአየሁን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አስጠራት። አናጢ ነው፤ እጁ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ነበር። በሽታው ጉበቷ ደርሷል አላት። ሐኪሙ ከእንግዲህ መድኃኒት እንደማይጠቅማትና ያላት ጊዜ የወራት እንደሆነ ነግሮታል። እንድታውቅም መክሮት ነበር፤ እሱ ግን እኔ ቤት ወስጄ እነግራታለሁ ብሎ ለመነና፣ ቤት ሲደርሱ ጨርሰሻል፣ ነጻ ነሽ አላት።

«ካወቀች በድንጋጤ ትሞትብኛለች» አለ። «ሐሙስ ስትመጪ አንቺም እንደዚሁ በያት።»

«ሕይወቱ የሷ ነው፤ ማወቅ አለባት» አለችው።

መሳፍንት መንገድ ላይ፣ ተማሪ እያየ፣ እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። ይዛ አነሳችው። «በሚካኤል ይዤሻለሁ» አላት። ወርቅአየሁ እሺ አለችው።

ሐሙስ ስትሄድ አምሳለ ዶሮ ሠርታ ጠበቀቻት። ፀጉሯ ሲያድግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለራሷ ቀዳ ነበር። ለመስከረም የወሰደችውን የሠርግ ልብስ ሥራ፣ ልጇን እንቁንም ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣ ልታስተምራት ማሰቧን አወራች። ከዚያ የወርቅአየሁን እጅ ያዝ አድርጋ ያንቺም ሁለት ብቻ ቀረ፣ አይዞሽ አለቻት። አምሳለ ናት ያዘነችላት። ሳምንቱ የመብላት ሳምንት ነበር፤ ወርቅአየሁ ግን የጎረሰችውን መዋጥ አቅቷት ለረጅም ጊዜ አፏ ውስጥ ያዘችው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትመላለስ ጀመር። በአምስተኛው ሳምንት የአምሳለ ሆድ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ብጫ ሆኖ አገኘቻት። መሳፍንት ጨጓራ ነው ብሏታል። አልጋዋ ላይ ከፍ ብላ ተደግፋ ነበር። እሱ ወደ ውጭ እስኪወጣ ጠብቃ ዓይኗን ወርቅአየሁ ላይ ተከለች።

«ወርቄ፣ አንቺ አትዋሺኝም። ጨርሻለሁ ወይስ አልጨረስኩም?»

ወርቅአየሁ ልትነግራት አፏን ከፈተች። መሐላው ሳይሆን ፍርሃት ነው ያገዳት፤ ነገ የራሷ ጉበት እንዲህ ቢሆን እሷስ ምን እንደሚነገራት እያሰበች ነበር።

«ጨርሰሻል» አለች። «መድኃኒቱ ነው ትንሽ የጎዳሽ። ይመለሳል።»

አምሳለ «እሺ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አምናት ይሁን አዝናባት፣ ወርቅአየሁ እስከ ዛሬ አታውቅም። አምሳለ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተች።

ለቅሶው ላይ እንቁ ወርቅአየሁን ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደቻት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ለማንም የተናዘዘችው ነገር የለም፤ ይድናል የተባለ ሰው ምን ይናዘዛል። «ለኔ ብላ የነገረችሽ ነገር የለም?» ብላ ጠየቀቻት። ወርቅአየሁ ብታስብ ብታስብ ስለ ሰማያዊው ቀሚስና ስለ ስፌት መኪናው ብቻ ነበር የምታስታውሰው። አንድ የሚያምር ቃል ፈጥራ ልትነግራት ቃጣትና ተወችው። ለዚያ ቤት ውሸት በቅቶታል ብላ አሰበች።

«ምንም አላለችኝም» አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ወርቅአየሁም ስምንተኛዋን ጨርሳ ነበርና ተመረመረች። ሐኪሙ ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ለዓመታት የምትውጪው ክኒን ብቻ ነው የሚቀረው አላት። ከክፍሉ ስትወጣ ይኸነው ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀረ። ምን ስታወሩ ነበር አለችው። የክኒኑን አወሳሰድ ስጠይቅ ነው አላት። ማልልኝ አለችው፤ በሚካኤል ማለላት። በሚካኤል ስም ምን እንደሚደረግ ግን እሷ ታውቃለች። የውጤቱን ወረቀት ተቀብላ በሚኒባሱ ውስጥ ደጋግማ አነበበችው። እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ እነዚያን ቃላት ግን አታውቃቸውም።

ጎረቤት እንኳን ለዚህ አበቃሽ እያለ ገባ ወጣ። እሷም አሜን እያለች የያንዳንዱን ፊት ትመረምር ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ከተጋቡ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራ አለብኝ እያለ የትም ወስዷት የማያውቀው ይኸነው፣ አዲስ አበባ ያለችውን እህቷን አብረው እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረበ። ስትመኘው የኖረችው ነገር ነበር። ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ለምን አሁን?» አለችው።

«ስለዳንሽ ነዋ!»

ወርቅአየሁ የሚታረም የተማሪ ደብተር አለብኝ ብላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ይኸነው ምን እንዳስቀየማት አልገባውም። በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ሲያያት ቆየ፤ እሷም የመጀመሪያውን ደብተር ገልጣ፣ ከሐኪሙ ክፍል በር ጀምሮ የነገራትን ሁሉ በልቧ ትመዝን ጀመር።