ከሚህራቡ በስተቀኝ ያለው ዓምድ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 9 ቀን 2003፣ ዓርብ ማለዳ ነበር። ጡረተኛው ባቡር ነጂ ነጃቲ፣ ያን ጊዜ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት፣ ባለቤቱን ሙዘየንን አስከትሎ ከኮረብታው አናት ወዳለው ጥንታዊ መስጊድ ወጣ። በማግሥቱ የልጅ ልጃቸው የኒልጉን ኒካህ በዚያ ሊታሰር ነው። ሙዘየን ግን ወደ ውስጥ ለመግባት ገና ቃሏን አልሰጠችም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ያ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የማርማራን ባሕር ዳርቻ ሲመታ፣ ታናሽ እህቷ ሽኩፈ ፎቅ ቤት ተደርምሶባት ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ሙዘየን ከእንጨት ጣሪያ በቀር ከሌላ ጣሪያ ሥር ገብታ አታውቅም።

በመስጊዱ ውስጥ፣ የስግደቱን አቅጣጫ ከሚያመለክተው ቅስት፣ ከሚህራቡ በስተቀኝ፣ ቀጭን የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። የጥንት ግንበኞች የተከሉት በመዳፍ ሲገፋ እንዲዞር አድርገው ነው፤ ሕንፃው የሰመጠ ወይም ያዘነበለ እንደሆነ ክብደቱ ይጫነውና መዞሩን ይተዋል። በዚያች ከተማ ምድር በተንቀጠቀጠች ቁጥር ሰው ሁሉ አስቀድሞ ዘመዱን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ዓምዱን።

«ከዞረ በኒካሁ ቀን ከልጅቷ አጠገብ እቀመጣለሁ» ብላው ነበር ሙዘየን ሐሙስ ማታ። «ካልዞረ ግን ሱልጣን ቢለምነኝ ከደጅ አልነቃነቅም።»

«ይዞራል» አላት ነጃቲ። ከመንቀጥቀጡ በኋላ በገዛ እጁ አዙሮት ስለነበር አልተጠራጠረም።

ወፍራሙን የቆዳ መጋረጃ ከፍ አድርጎ ያዘላት። እሷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ እንደያዘች ከደፉ ላይ ቀረች። ከውስጥ የማለዳዋ ፀሐይ በጉልላቱ ዙሪያ ካሉት መስኮቶች ገብታ፣ በሰማያዊው ሸክላ ላይ የተሳሉትን አበቦች አንድ በአንድ ታበራ ነበር። ነጃቲ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ መስጊድ ሰግዷል፤ አንጋጥጦ ማየት የጀመረው ግን ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። የሕንፃው ክብደት ከጉልላቱ ወደ ቅስቱ፣ ከቅስቱ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ምድር ሲወርድ በዓይኑ በተከተለ ጊዜ፣ ሸክሙን ተካፍሎ የቆመ ቤተሰብ ያየ ይመስለው ነበር። ይህን ለሚስቱ ሊያሳያት ብዙ ተመኝቷል።

ኢማሙ ሳፈት ሆጃ ከውስጥ ብቅ አለ። ሙዘየን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«እናቴ፣ ደጅ የቆሙት ጫማችንን ሊጠብቁልን ነው?»

«የአንተን ጫማ እንኳን ሌባ ቢሰርቀው ይመልሰዋል» አለችው።

ነጃቲ ወደ ዓምዱ ሄዶ መዳፉን አሳረፈና ገፋ። ዓምዱ አልተነቃነቀም። በሁለት እጁ ገፋው። እንደ ተራራ ቆመ።

ሙዘየን ከሩቅ ሆና መዞር አለመዞሩን አጥርታ ልታይ አትችልም። «ዞረ» ቢላት ታምነዋለች፤ ይህንንም ያውቃል። ነገር ግን እሷ የምትቀመጠው በእሱ ቃል ላይ ነው፤ የሚፈርስ ቃል ደግሞ ከሚፈርስ ፎቅ በምን ይሻላል?

«ዞረልህ ወይ፣ አንተ ሰውዬ?»

«አልዞረም» አለ።

ሆጃው ደንግጦ ወደ ዓምዱ ቀረበ። «ባለፈው ሳምንት እኔው ራሴ አዙሬዋለሁ! ከዚያ ወዲህ ምድር ንቅንቅ አላለችም።»

ሙዘየን ፊቷን ልታዞር ስትል ዓይኗ ወለሉ ላይ ቀረ። «ቆይ ቆይ። ይህ ምንጣፍ አዲስ ነው?»

«አዎ እናቴ፣ ማክሰኞ ነው የተነጠፈው።»

«ማነው ያነጠፈው? ግመል ነው? እዚያ ጥግ ላይ እኮ ተቆልሏል! ነገ እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ሰው ምን ይለናል?»

ጫማዋን ከደፉ ላይ ጥላ ገባች። እያጉረመረመች ሰፊውን ወለል ከዳር እስከ ዳር አቋረጠች፤ ከዓምዱ ሥርም ተንበረከከች። አንጣፊዎቹ የተረፋቸውን ጠርዝ እንደመቁረጥ አጥፈው፣ በዓምዱና በግድግዳው መካከል ጠቅጥቀውት ኖሯል። ከባሏ ጋር ተጋግዘው ጎትተው አወጡት። ከዚያ ሙዘየን መዳፏን በእብነ በረዱ ላይ አድርጋ ገፋች።

ዓምዱ በቀስታ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ።

ደግማ አዞረችው። ከዚያ ቀና ስትል ዓይኗ ከዓምዱ ወደ ቅስቱ፣ ከቅስቱም ወደ ጉልላቱ ወጣ።

«ነጃቲ።»

«አቤት።»

«ይሄ ሁሉ ከላዬ ነበር እንዴ?»

«ነበር።»

እሷ ለመውጣት አልተጣደፈችም፤ ምንጣፉ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ሽኩፈ ብታየው ይህን ሰማያዊ ትወደው ነበር» አለች። «በቃ፣ ነገ እዚሁ ነኝ። ዓምዱን ደገፍ ብዬ እቀመጣለሁ።»

«ኧረ እናቴ፣ ከደገፉትማ ይዞርና ይጥልዎታል!» አለ ሆጃው።

ሙዘየን ሳቀች። ጉልላቱም ሳቋን ተቀብሎ መለሰላት።

ይህን ከነጃቲ አፍ ከሰማሁ ብዙ ዘመን አለፈ። በኒካሁ ዕለት እኔም ከእንግዶቹ መካከል ሆኜ፣ ሙዘየን ከኒልጉን አጠገብ ተቀምጣ ማየቴን አልረሳም። ምንጣፉ የተነጠፈበትን ቀንና የተባባሉትን ቃል ግን አዛብቼ ይሆናል፤ በኒካሁ ላይ የነበራችሁ፣ የሳትኩት ቢኖር አርሙኝ።