በኮንትራባሱ ሆድ ውስጥ የተጻፈው

የቫዮሊን ሠሪዎቹ ከተማ የሉቢ ሰው ምስጢሩን ለቄስ አይናገርም፤ ቄሱም ቢራ ሲቀምሱ አፋቸው ይላላል። ቫዮሊን ሠሪው ክዳኑን ከመለጠፉ በፊት የሆዱን ሁሉ መሣሪያው ሆድ ውስጥ በእርሳስ ይጽፈዋል። አማትን መስደብ፣ አለቃን መርገም፣ ሁሉም እዚያ ይቀራል። መሣሪያው ካልተሰበረ ማንም አያነበውም፤ እስኪሰበር ደግሞ ሰዳቢም ተሰዳቢም አፈር ለብሰዋል።

ቫዮሊን ሠሪው ቬንደሊን ግን አፈር ሳይለብስ ሰባ አንድ ዓመት ሞላው፣ የጻፈበት ኮንትራባስም፣ ያ ሰው የሚያክል ትልቅ ቫዮሊን፣ ተሰበረ።

በእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭፈራ ላይ የከተማው ባንድ ተጫዋች ከነኮንትራባሱ ከመድረክ ወደቀ። ሰውየው ምንም አልሆነም፤ ሰክሮ ስለነበር ለስልሶ ነው ያረፈው። መሣሪያውን ግን ለጥገና የቬንደሊን የድሮ የሥራ ባልደረባ ክቪዶ ዘንድ ወሰዱት። ቬንደሊን ይህን ሲሰማ ሾርባውን ሱሪው ላይ ደፋ።

ኮንትራባሱን ሁለቱ በወጣትነታቸው አብረው ነው የሠሩት። ክቪዶ ሄድቪካን ሊያገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቬንደሊን በቅናት ጨሶ ከክዳኑ ሥር ጻፈ፦ «ሄድቪካ ቅዳሜ የምታገባው ክቪዶን አይደለም፣ የአባቱን ቤት ነው።» ሄድቪካ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ለቬንደሊን የቀረው ወዳጅ ክቪዶ ብቻ ነው፤ እሱን ካጣ ቢራውን ከግድግዳ ጋር ሊጠጣ ነው። ፈራ። ምርኩዙን አንሥቶ ሮጠ፣ ሩጫ ከተባለ።

«እኔ ልጠግነው!» አለ በሩ ላይ እያለከለከ።

«አንተ? ሾርባህን እንኳ ለሱሪህ ነው የምታጎርሰው» አለ ክቪዶ። ቢላውን ከክዳኑ ሥር አስገብቷል።

«ከውጭ ለጥፈው በቃ! ምን መክፈት ያስፈልጋል?»

«ውስጡ ተሰንጥቆ? አንተ ሰውዬ፣ ሙያህንም ረሳኸው?»

ክዳኑ ጣ! ብሎ ተነሣ። ቬንደሊን ዓይኑን ጨፈነ። ስድቡን ጠበቀ፣ አልመጣም። ቀስ ብሎ ሲገልጥ ጽሑፉ እዚያው አለ፤ ከሥሩ ደግሞ በሌላ እጅ፦ «የፈለገችውን ታግባ፤ የምትተኛው ከኔ ጋር ነው። ክቪዶ።»

ያኔ ክዳኑን የለጠፈው ክቪዶ ራሱ እንደነበር ቬንደሊን አሁን ገና ትዝ አለው። ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ!

«ታውቅ ነበር?»

«አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ቢራ ከማን ጋር ልጠጣ?»

ቬንደሊን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሄድቪካስ?»

«ክዳኑን የለጠፍኩበትን ሙጫ ያሞቀችልኝ እሷ አይደለች? አንብባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ‹ስለ ቤቱስ እውነቱን ነው› አለች።» ክቪዶ ቢላውን በሽርጡ ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር፣ ደግሞ ጠረገው። «ቀልዷን ይሁን የምሯን እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጠይቃት አልደፈርኩም።»

ቬንደሊን አፈረ። ከክቪዶ ጆሮ ላይ እርሳሱን መንጭቆ ክዳኑ ላይ አጎነበሰ። ብዙ ቆይቶ ጻፈ፦ «ዋሽቼ ነው። እኔም ቤት ነበረኝ፣ እምቢ አለችኝ።»

ክቪዶ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። በሽርጡ ተናፈጠ።

«ጽሑፍህ ዛሬም የዶሮ ጭረት ነው» አለ። «በል ተነሥ፣ ሙጫውን አሙቅልኝ።»