ሞባይል ጠጋኙ ቤተ ሙከራ ውስጥ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመጨረሻ ሙከራ የቀረኝ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም ነበር። ከአዲስ አበባ ሌላ ለማስመጣት ወራት ይፈጃል፤ ምርቃቴም ለከርሞ ይተላለፋል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። በሦስተኛው ጠዋት ደግሞ ኮረንቲ መጥኖ የሚሰጠው የቤተ ሙከራው ብቸኛ ማሽን፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ተቃጠለ።

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል የሚጠግኑት ረሺድ ጠረጴዛ ላይ ተመሳሳይ ማሽን አይቼ ነበር። ደንበኞቹ እስኪወጡ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። እንዲያውሱኝ ስጠይቃቸው ሳቁ።

«እህቴ፣ ይህን ማሽን ከማውስሽ ጥርሴን ነቅዬ ብሰጥሽ ይቀለኛል።»

ቀጥለው ግን ለምን እንደፈለግሁት ጠየቁኝ። ዱቄቱ ውስጥ ያለችው ሞለኪውል እንደተፈታ ገመድ መሆኗን፣ ሁለቱን ጫፎቿን አገናኝቼ ቀለበት ላደርጋት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ብዙ መድኃኒቶች እንዲህ ያለ ቀለበት አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ዝቃጩ መርዝ በሆነ ኬሚካል ነው፤ እኔ ግን በአልኮልና በጥቂት ጨው ውስጥ፣ በኮረንቲ ብቻ ልገጥመው ነበር ያሰብኩት። ረሺድ ሰምተውኝ ሲያበቁ ሱቃቸውን ዘጉ። ማሽኑን በፎጣ ጠቅልለው፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ወደ ቤተ ሙከራው ሄድን።

የቀረኝን ዱቄት በአልኮሉና በጨው አሟሙቼ፣ ከማሽኑ ጋር ያገናኘኋቸውን ሁለት የካርቦን ዘንጎች ፈሳሹ ውስጥ ነከርኩ። እሳቸው አምፔሩን፣ የሚያልፈውን የኮረንቲ መጠን፣ አስተካከሉ። አንደኛው ዘንግ ላይ ደቃቅ አረፋ መውጣት ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ማሽኑ ላይ የሚታየው የአምፔር ቁጥር መውረድ ጀመረ። ያለፉት ሁለት ጊዜያትም እንዲሁ ነበር፤ ቮልቱን ስጨምር ፈሳሹ ቡናማ ሆኖ ተበላሸ። ሌላ መላ አልታየኝም። እጄን ወደ ማሽኑ ዘረጋሁ።

«አትጨምሪበት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ስልክም አልቀበል ሲል ካስገደድነው እናቃጥለዋለን። መግቢያው ቆሽሾ ይሆናል።»

ኮረንቲውን አቋርጬ ሌላኛውን ዘንግ አወጣሁት። ስስ ጥቁር ቆዳ ለብሷል። ጓንት ሰጠኋቸው፤ የስልክ ቻርጀር መግቢያ የሚያጸዱበትን የጥርስ ብሩሽ ከኪሳቸው አውጥተው፣ አልኮል ውስጥ ነክረው ፈገፈጉት። ስንመልሰው ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በየሩብ ሰዓቱ እያወጣን አጸዳነው።

ሲያበቃ ፈሳሹን አጣርቼ ብርጭቆውን በረዶ ላይ አስቀመጥኩት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልታየም። ረሺድ አለቀ ወይ ሲሉኝ አላውቅም አልኳቸው።

ከዚያ አንዲት ነጭ ነጥብ ታየች። አጠገቧ ሌላ። ወዲያው ከጠራው ፈሳሽ ውስጥ፣ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ፣ መርፌ የመሰሉ ቅንጣቶች መውረድ ጀመሩ። ጥቂት አንስቼ ፈተሽኩ፤ የምፈልገው ብቻ ነበር። ቀለበቱ ገጥሟል።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም። ኮረንቲ ብቻ።»

ረሺድ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮረንቲን በእጄ ይዤው ኖሬ፣ እንዲህ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር» አሉ።

ስልካቸው ደጋግሞ ጠራ፤ ሱቁ በር ላይ ሰው ቆሞ ይሆናል። አላነሱትም። ሁለታችንም ብርጭቆው ላይ አጎንብሰን፣ ትንፋሻችንን እየቆጠብን፣ ነጩ ሲወርድ እናይ ነበር።