ንጉሡ በአደባባይ የጨመራት ቃል

ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሥታት ለጦርነት ሲነሡ ሠራዊታቸውን አሰልፈው፣ ስንቃቸውን አሰናድተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው ነው፤ በገዛ ልሳናቸው ላይ ዘበኛ የሚያቆሙት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ በዚህም ጉድለት ብዙ መንግሥታት ፈርሰዋል።

ግርማው የሚያስፈራ፣ አንደበቱ የሚማርክ የደብረ ዕንቍ ንጉሥ ፍሥሐ ጽዮን፣ የወንዝ ማዶው ንጉሥ ድንበር ተሻግሮ ጸዳለ የተባለችውን የደብረ ዕንቍን ከተማ አቃጥሎ ሕዝቧን በማረከበት ዓመት፣ ከጎረቤት መንግሥታት ረድኤተ ጦር ለመነ። ከመጡትም ልዑካን አንዱ ጥበቡ የተመሰገነ፣ ቃሉ የታመነ የአምባ ሠናዩ ብላታ አካለ ወልድ ነበር፤ አንዲት ልጁ ትርሲት ወደ ጸዳለ ተድራ ሳለ ከምርኮኞቹ ጋር ተነድታለችና፣ ከዚያ ወዲህ እህል አይረጋለትም፣ እንቅልፍ በዐይኑ አይዞርም።

ንጉሡ አስቀድሞ ልዑካኑን በእልፍኙ «ምርኮኞቼን አስመልሼ ከወንዙ ላይ እቆማለሁ» ብሏቸው ነበርና፣ ብላታ ልቡ ጥቂት ዐርፎ የዘመቻው ዐዋጅ በሚነገርበት ቀን ከአደባባዩ ተገኘ። ንጉሡ ስለ ተቃጠሉት ቤቶችና ስለ ተነዱት ሴቶች ሲናገር የባዕድ ልዑካን ሳይቀሩ አለቀሱ፤ ሕዝቡ እልልታውንና ፉከራውን ባበዛ ጊዜ ግን የንጉሡ ልብ በጩኸቱ ሰከረና፣ «ወንዙ ከእንግዲህ ድንበሬ አይደለም! እስከ ባሕር ያለው ምድር የእኔ ነው፤ ከመንገዴ የቆመውን፣ ወዳጅም ቢሆን፣ እረግጠዋለሁ!» አለ። ልዑካኑ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ብላታም ወዲያው ከንጉሡ ድንኳን ገብቶ እጅ ነሥቶ፣

«ጃንሆይ፣ ያችን የመጨረሻዋን ቃል ያንሡልኝ፤ ስለ ልጄ እለምንዎታለሁ» አለ።

«ብላታ፣ ሕዝቤ እኮ ሰምቷል! አሁን እንዴት ብዬ አነሣታለሁ?»

«እኛም ሰምተናል፣ ጃንሆይ» ብሎ ወጣ።

ወደ አምባ ሠናይ ሲመለስ በመንገዱ ሁሉ ከበቅሎው ይወርድ፣ ደግሞ ይቀመጥ፣ ብቻውን ያወራ ጀመር፤ ያችን ቃል ቢሰውራት ጦሩ ይዘምታል፣ ትርሲትም ምናልባት ትመለሳለች፤ ቢናገራት ልጁን በገዛ አፉ ይተዋታል። ጌታው ራስ ክንፈ ሚካኤል «ንጉሡ ምን አለ?» ባለው ጊዜ ግን፣ በሐሰት ወደ ጦርነት የሚላኩት ወታደሮችም የሰው ልጆች መሆናቸው ታስቦት፣ ሁሉን እንደ ሰማው ነገረው። ራስም «ዛሬ ወንዙን የረሳ ነገ እኛን ይረሳል፤ ጦር አልሰጥም» አለ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅህስ?» አለው።

ሌሎቹም መንግሥታት ጦራቸውን ከለከሉ። ፍሥሐ ጽዮን ብቻውን ዘምቶ ድል ተነሥቶ ተመለሰ፤ የማዶውም ንጉሥ ዐዋጁን በሰላዮቹ ሰምቶ ኖሮ፣ ምርኮኞቹን አስቀድሞ ወደ ሩቁ ጠረፍ አግዟቸው ነበር። ብላታም ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ የሚመጣውን መንገደኛ እያስቆመ ስለ ትርሲት ጠየቀ፤ አየኋት የሚለው ግን አላገኘም። የንጉሥ ቃል ለሚፎክሩት ቢነገርም፣ ፍርዱን የሚቀበለው ዝም ብለው ከሚሰሙት ዘንድ ነው።