ጋቢ ተከናንበው የሚሻገሩት ድልድይ

ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ጌም ቤት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ጌቱ፣ ከባሕር ዳር ዲስክ እያመጣች የምታከፋፍለው ሕሊና፣ የዲማው ዲያቆን ደመላሽ፣ ተራ የሚጠብቁ ሰባት ስምንት የሰፈር ልጆች፣ እና እኔ አንሙት።

እኔ የቤቱ ሠራተኛ ነኝ። ማሽኑን እከፍታለሁ፣ ዲስክ እቀይራለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ። ትውልዴ ደብረ ኤልያስ ነው፤ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል፤ ስጽፍ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከገጠር ለገበያ በሚመጡ ጎረምሶች ምክንያት ነው። የሽፋኑን ሥዕል አይተው ይመርጡና፣ አንድ ሰዓታቸውን በማይረባ ጨዋታ ጨርሰው አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። አሳዘኑኝ። ከካርቶን እየቆረጥኩ ከእያንዳንዱ ዲስክ ሥር አስተያየቴን መለጠፍ ጀመርኩ። በጣም ጥሩውን ጨዋታ ሁሉም ያውቀዋል። በጣም መጥፎውንም በአምስት ደቂቃ ያውቁታል። ሰው የሚያታልለው መካከለኛው ነው። ሥዕሉ ያምራል፣ ሙዚቃው ያምራል፤ ስትጨርሰው ግን ምን ስትጫወት እንደቆየህ አታስታውሰውም። የኔ ድካም በሙሉ እሱ ላይ ነበር።

ስለ አንድ የመኪና ውድድር እንዲህ ብዬ ነበር፦ «መኪኖቹ ጥሩ ናቸው። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ ሦስት ዓይነት ቀለም ተቀብቶ ሦስት አገር ተብሏል። ዝናብ ይዘንባል፣ ጎማ አይንሸራተትም።» ስለ እርሻ ጨዋታው ደግሞ፦ «ትራክተሩ እውነተኛ ይመስላል። ስንዴው ግን አረም የለውም። አረም ከሌለ ገበሬው ምን ይሠራል? ቆሞ ያያል። እኛም ቆመን እናያለን።» ይህን ያነበበ አንድ የቁይ ገበሬ እስኪያስለው ድረስ ስቆ፣ ልጁን ወደ ኳስ ጨዋታው ወሰደው።

ዝም ብዬ ደግሞ አልጽፍም። ሰዓት ያዥ ስለሆንኩ መለኪያ አለኝ። የተጫዋቹ ሰዓት ሲያልቅ ትከሻውን እነካዋለሁ። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ጨምር» ካለ ጨዋታው ጨዋታ ነው። «አለቀ እንዴ?» ብሎ ከተነሣ መካከለኛ ነው። በዚህ ዓይነት በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሠላሳ አራት ካርቶን ሞላሁ።

ሕሊና በዚያ ሳምንት አንድ አዲስ ዲስክ ለሙከራ ትታልን ነበር። ስሙ ረጅም እንግሊዝኛ ስለሆነ እኛ «የተቃጠለው ከተማ» አልነው። ጋሽ ጌቱ ሊወስዱት ቆርጠዋል፤ በምትኩ የሚሰጧት ስድስት የቆዩ ዲስኮችን ነው፤ ከነሱ ሁለቱ ሰው የሚጋፋባቸው የኳስ ጨዋታዎች ናቸው። እኔ ቤቱ ሳይከፈት ሁለት ጠዋት ተጫወትኩትና የሚገባውን ጻፍኩለት። ቅዳሜ ሕሊና ውሳኔውን ልትሰማ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው የኔን ካርቶን ነው። ጮክ ብላ አነበበችው፦

«የተቃጠለው ከተማ። መካከለኛ። አንድ ሰው የጠፋ ወንድሙን ይፈልጋል፤ ወንድሙን ስለማናውቀው ግን እኛን አይናፍቀንም። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ከተማ ከድልድዩ ወዲህ ያለው ራሱ ነው። ድልድዩን የሚጠብቀው አለቃ ሲያዩት ያስፈራል፤ ሲገጥሙት ግን ተጫዋች አያስፈልገውም። እሳቱን የሣለው ሰው ጎበዝ ነው።»

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለች።

«አንሙት ነው» አሉ ጋሽ ጌቱ እየሣቁ። «የቤታችን ሊቅ።»

«ሊቁ ባሕር ዳር ሄዶ ያውቃል? እዚያ አሥራ አንድ ቤት ወስዶታል። አንድም ሰው መካከለኛ ያለኝ የለም።» ወደ ግድግዳው ዞራ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። «ጋሽ ጌቱ፣ እኔ ይህን ሁሉ መንገድ የምመጣው ዕቃዬ እንዲሰደብ አይደለም። ወይ እነዚህ ወረቀቶች ይነሡ፣ ወይ ሌላ ዲስክ አምጪ ይፈልጉ።»

«ይሄኛው ይነሣ ነው የምትይኝ?»

«ሁሉም። ሠላሳ አራቱም።»

ለማርቆስ ጌም ቤቶች ከእሷ በቀር ዲስክ የሚያመጣ የለም። ጋሽ ጌቱ፣ «እንግዲህ አንሙት ልጄ፣ ምን ይደረጋል፤ መሰላሉን አምጣ» አሉኝ።

ሄድኩ። አሥራ አንድ ወር የጻፍኩትን በገዛ እጄ ላወርድ መሰላሉን ተሸክሜ መጣሁ።

ያን ጊዜ ደመላሽ ከወንበሩ ላይ ሳይዞር፣ «ቆይ፣ መሰላሉን አስቀምጠው» አለ።

ደመላሽ ዲማ አምስት ዓመት ቅኔ ተምሮ፣ አሁን እዚሁ ከተማ የሚያገለግል ዲያቆን ነው። ምላሱ ስለት ነው፤ በጨዋታም የሚያህለው የለም። በዚያች ሰዓት ጋቢውን አጣፍቶ የሚጫወተው ራሱን «የተቃጠለው ከተማ»ን ነበር።

«እኛ ቤት እንዲህ አይደረግም» አለ።

«እናንተ ቤት ማለት?» አለች ሕሊና።

«ቅኔ ቤት፣ እህቴ። አንዱ ተማሪ የጓደኛውን ቅኔ ጎዶሎ ነው ካለ ቦታውን ያሳያል። ካሳየ ባለቤቱ ያርመዋል። ካላሳየ ተነሥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ዝም ብሎ መንቀፍም፣ ነቃፊን ዝም ብሎ ማባረርም የለም።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እኔ ይህን ጨዋታ ወድጄዋለሁ፤ ትናንት ያንን የድልድይ አለቃ በሦስተኛ ሙከራዬ ነው የጣልኩት። አንተ ግን ተጫዋች አያስፈልገውም ብለሃል። እኔ ታዲያ ምን ነበርኩ፣ በርጩማ? እንግዲህ የስምንተኛ ክፍል ሊቅ፣ ቦታውን አሳየን። ካላሳየህ መሰላሉን እኔ ራሴ እይዝልሃለሁ።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ሕሊና ትንሽ አሰበችና፣ «ካሳየ ይቀመጥ። ካላሳየ ሁሉም ይወርዳል» አለች። ጋሽ ጌቱም ተስማሙ።

እኔ ሰው ፊት መናገር ስላቃተኝ ወደ ካርቶኑ ዞሬ ጀመርኩ።

«ለግድግዳው ነው እንዴ የምትነግረው?» አለ አንዱ ልጅ።

«ተወው፣ ግድግዳው አይስቅበትም» አለው ሌላው።

«መጀመሪያ ወንድሙ» አልኩ። «ወንድሙ ሲጠፋ አላየንም። ገና ስንከፍተው ጠፍቶ ነው የሚጠብቀን። አንድ ጊዜ አብረው በልተው፣ አንድ ጊዜ ተጣልተው ቢሆን ኖሮ ፍለጋው የኛም ይሆን ነበር።»

«የኔም ወንድም ቁይ ነው ያለው፤ አብረን በልተናል፣ ተጣልተናል፤ እኔንም አልናፈቀኝም» አለ ደመላሽ። ቤቱ በሣቅ ተሞላ። «ይህ ስሜት ነው እንጂ ቦታ አይደለም። ቀጥል።»

«ሁለተኛ፣ ከድልድዩ ወዲያ ያለው ከተማ ያው የፊተኛው ነው።»

ደመላሽ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። የጨዋታውን ሰውዬ ድልድዩን አሻግሮ እስከ አሮጌው ወፍጮ ወሰደው፤ ከወፍጮው ኋላ ያሉትን ጆንያዎች በትከሻው ገፋቸው። በር ተከፈተ። በሩ ወንዝ፣ ጀልባዎች፣ መብራት ያለበት ሌላ ሰፈር ላይ አወጣ። እኔ አይቼው አላውቅም። ሁለት ጠዋት ሙሉ በወፍጮው ፊት ተመላልሼ ጆንያውን አንድ ቀን አልነካሁትም።

«ቅደደው! ቅደደው!» ልጆቹ ጮኹ። ሕሊና ፈገግ አለች። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ።

«ጸጥ በሉ!» አለ ደመላሽ። «የተሳሳተ ያርማል እንጂ አይቀድም። አርምና ታርሞ ይነገር። እኛ ስንታረም ተቀምጠን አይደለም፤ ቆመን፣ ፊታችንን ወደ ጉባኤው መልሰን ነው።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ ከሥሩ «ተሳስቻለሁ። ከወፍጮው ኋላ በር አለ፤ በሩን ያገኘ ይጠቀማል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ዞርኩ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አየሁትና ያረምኩትን አነበብኩ። ድምፄ የሚጠፋበትን ቦታ እየጠበቅኩ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሳይጠፋ ዘለቀ። ስህተቴን ለመናገር ድምፄ ከበቃኝ፣ ትክክሌን ለመናገርማ ምን ያንሰኛል ብዬ አሰብኩ።

«ሦስተኛው ቀረ» አልኩ፣ እንደዞርኩ። «ዲያቆን፣ ወደ ድልድዩ መልሰው።»

ያንን ክፍል እንደ አዲስ ከፍቶ መለሰው። ሙዚቃው ከበሮ በከበሮ ሆነ። የድልድዩ አለቃ ቤት የሚያህል መዶሻውን ከእሳት ውስጥ እየጎተተ መጣ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ያምራል።

«አራት ማዕዘን ያለበትን ቁልፍ ብቻ ተጫን» አልኩት። «አትሽሽ። አትዝለል። አትመልከት።»

«አትመልከት?»

«ጋቢህን ተከናነብ።»

አተኩሮ አየኝ። ከዚያ የቅኔ ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር እንደሚከናነበው፣ ጋቢውን ከራሱ እስከ ጉልበቱ ሳበው፤ ጆይስቲኩም ከጋቢው ውስጥ ገባ። ከውጭ የሚታየው ነጭ ክምር፣ የሚሰማው የአንድ ቁልፍ ቋ ቋ ብቻ ነበር።

አለቃው መዶሻውን አነሣ። ሳያወርደው ተመታና ወደ ኋላ አለ። እንደገና አነሣ፤ እንደገና ሳያወርደው ተመታ። እንዲህ ሲያነሣና ሲመለስ፣ ሲያነሣና ሲመለስ አራት ደቂቃ ያህል ቆየ። ያ የሚያስፈራ ሰው ግንድ መፍለጥ ያቃተው እንጨት ፈላጭ መሰለ። በመጨረሻ ተንበርክኮ ወደ ገደሉ ወደቀ፤ የድል መለከት ተነፋ።

«ሞትኩ?» አለ ደመላሽ ከጋቢው ውስጥ።

«እሱ ሞተ! እሱ ነው የሞተው!» ልጆቹ ወንበር ላይ ወጡ።

ደመላሽ ተገለጠ። «ትናንት እኮ ላብ አልቦኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«የለፋኸው አንተ ነህ፤ ልፋቱን የጠየቀህ ግን ጨዋታው አይደለም» አልኩት። «እኔ መጥፎ አላልኩትም። እሳቱን የሣለው ሰው እጁ ይባረክ። ግን ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ ሲጎድል የሚጎድል ነገር ነው። ይህ አንተ ብትኖርም ባትኖርም ድልድዩን ይሻገራል። መካከለኛ ያልኩት ለዚህ ነው።»

ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ስናገር ጋሽ ጌቱ ሰምተውኝ አያውቁም። አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሕሊና ጆይስቲኩን ከደመላሽ ተቀበለች። አያያዟ ሲታይ ለእጇ አዲስ ነበር፤ ልጆቹ የጣቶቿን አቀማመጥ አስተካከሉላት። እሷ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ያንኑ ቁልፍ ብቻ እየተጫነች አለቃውን እያየች ጣለችው። ሲወድቅ አልተደሰተችም።

«እኔ ተጫውቼው አላውቅም ነበር» አለች። «የመጣበትን ሳጥን ከፍቼ ነው የማከፋፍለው። አሥራ አንድ ቤት…» አልጨረሰችውም። ጆይስቲኩን አስቀምጣ ተነሣች። «ቃሌ ቃል ነው። ወረቀቶቹ ይቀመጡ።»

«እኔም ኳሶቼን አልሰጥም» አሉ ጋሽ ጌቱ፣ ፈጠን ብለው።

«ማን ጠየቀዎት?» አለቻቸው፤ ተናዳም ቢሆን ሣቀች።

ደመላሽ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደ። ማንም ሳይለምነው ወደ ካርቶኑ ሄደና በዚያ የቁም ጽሕፈቱ ከሥሩ ጨመረበት፦ «አንድ ስህተት ነበረው፤ ታርሟል። የቀረው እውነት ነው። ተከናንቤ አይቼዋለሁ። ዲያቆን ደመላሽ ዘዲማ።» ሲጨርስ ልጆቹን፣ «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ሰው ወረቀት ሳያነብ ዲስክ የሚያነሣ ከኔ ጋር አይጫወትም» አላቸው። እኔንም ከዚያ ወዲያ የስምንተኛ ክፍል ሊቅ ብሎኝ አያውቅም፤ አንሙት ነው የሚለኝ።

መሰላሉን ወደ ጓሮ መለስኩት። ብቻዬን ስሆን ያረምኩትን አንድ ጊዜ ደግሜ ጮክ ብዬ በቃሌ አልኩት፤ ድምፄ እዚያም አልጠፋም።

እሑድ ጠዋት ሕሊና ዲስኩን ይዛ በመጀመሪያው መኪና ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች።